ሰላምታ ያልመለሰው ሻምፒዮን

እኔ የምለው፣ እነዚያ በቴሌቪዥን የሚሽቀዳደሙት መኪኖች ወዴት ነው የሚሄዱት? ያየሁትን ልንገራችሁ። ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው እዚያው የተነሱበት ይቆማሉ። ከዚያ ለአንዱ ዋንጫ ይሰጠዋል። እዚህ ቆቦ እንዲህ ያደረገ ሾፌር ዋንጫ አያገኝም፤ ተሳፋሪው ነው አንገቱን የሚይዘው።

ነገሩ የተጀመረው ባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ነው። የእኔ ልብስ ስፌት ከጎኗ ስለሆነ የሚያመልጠኝ ወሬ የለም። የሻይ ቤቷ ሪሞት ጠፋና ቴሌቪዥኑ መኪና ውድድር ላይ ተገትሮ ከረመ። ሳንወድ ተመልካች ሆንን፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ተንታኝ። ሻምፒዮን የሚያደርገው መኪናው ነው ወይስ ሰውዬው? በዚህ ስንቱ ተኳረፈ መሰላችሁ! የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሀጂ እንድሪስ አንድ ቀን ቀና ብለው አዩና፣ "ሰውዬው ብቻውን ነው እንዴ የሚሄደው? ሰው አይጭንም?" ብለው ጠየቁ። አይጭንም አልናቸው። "ታዲያ ምኑን ሾፌር ሆነ!" ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ሰይድ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለን። ሲነዳ ንፋስ ነው። እሱ የመኪናው ወገን ነበር፤ ያን ሰውዬ ባጃጅ ላይ ያውጡልኝና ልየው አለ። አሃ! ባጃጅ እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ያው ሦስት እግር። እንግዲህ ልዩነቱ ሰውዬው ላይ ነው የሚታየው። በዚሁ አምስት ባጃጆች ሊሽቀዳደሙ ተስማሙ። ያሸነፈ ባጃጁ ላይ "ሻምፒዮን" ብሎ ይጽፋል፤ በገበያ ቀን ተራው ከሁሉ ፊት ይሆናል። ሰይድ ሠርጉ አንድ ወር ቀርቶት ነበርና ለማሸነፍ ያልገባው ስለት የለም። ዳኛው እኔ ሆንኩ። ለምን እኔ? የስፌት መኪናም ፔዳል አላት አሉኝ።

መንገዱ ከከተማው ጫፍ ተነስቶ በጥርጊያው እስከ ደረቁ ወንዝ፣ ከዚያ መመለስ ነው። ሥራ ከምፈታ ብዬ የያዝኩትን ሱሪ አንዱን እግር ቀምቅሜ ሳልጨርስ ሰይድ አቧራውን አስነስቶ ከተፍ አለ። ሌሎቹም ተከታተሉ። አምስተኛው ነጂ ሞላ ግን የለም። ሌላውን እግር ቀመቀምኩ፤ ቁልፉንም ተከልኩ። በመጨረሻ ሞላ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጆንያ ማሽላና አንድ በግ ጭኖ መጣ። ምን ነካህ ስለው፣ "አያ ይመር፣ እጅ ሲያነሱልኝ ጥያቸው ልለፍ?" አለኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሰይድን ሻምፒዮን አልኩት፤ በቀይ ቀለም አስጻፈ።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሰይድ ከሁሉ ፊት ቆሟል። አንዲት ሴት መጣች፤ ጽሑፉን አየችና አልፋ ሁለተኛው ባጃጅ ላይ ተቀመጠች። ሌላም እንዲሁ። እስከ እኩለ ቀን ሻምፒዮናችን ባዶውን ዋለ። ጉዳዩን ያወቅነው ሀጂ እንድሪስ ሲናገሩ ነው። ለካ በውድድሩ ቀን መንገድ ዳር ቆመው "አሰላሙ አለይኩም" ሲሉት የመለሰላቸው አቧራው ኖሯል።

"ውድድር ላይ እኮ ነበርኩ ሀጂ፣ ወላሂ" አለ ሰይድ።

"ውድድሩንስ ሰምቻለሁ" አሉት። "ሰላም አትመልስ ማለቱን ነው ያልሰማሁት።"

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። በዚያው መንገድ ለቅሶ ድንኳን ተጥሎ ነበር። እዚህ አገር በለቅሶ ፊት እንኳን ባጃጅ ግመል ነጂም ወርዶ ነው የሚያልፈው። ሰይድ ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈ። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የቆሙት ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የእጮኛው አባት! በገበያው ማግሥት መልእክት ላኩ፤ ለቅሶ የማይደርስ ልጅ ሠርግ ላይ ምን ይሠራል ብለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው። ሰይድ ሱቄ ገብቶ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አዘንኩለት፤ ያጨበጨብኩለት እኔው አይደለሁ?

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ። ያን መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ ያለፈውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም ይበል። በባጃጅ የአንድ ሱሪ እግር ያህል የፈጀው መንገድ በይቅርታ ሁለት ቀን ፈጀ። በየቤቱ ብላ ይሉታል። እንቢ ካለ ደግሞ አዲስ ጥፋት ነው። አማቱ ታረቁት፤ ሠርጉም ሆነ። "ሻምፒዮን" የሚለውም ለሞላ ተላለፈ። እኔ ሠርጉ ላይ ተነስቼ፣ ሻምፒዮን ማለት ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን ማንንም ሳያልፍ የደረሰ ነው ብዬ ንግግር አደረግሁ። ተጨበጨበልኝ። ደስም አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ!

ሰሞኑን ጥርሴ ተነሳብኝ። የሚያውቀው ያውቀዋል። ሐኪም ቤት አድርሰኝ ብዬ ሞላ ባጃጅ ላይ ዘልዬ ገባሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሞ ሰላም አለ። መስጊዱ ጋ ቆሞ ሰላም አለ። የታመመች ላም ሳትቀር ጤናዋን ጠየቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ጥርሱን ታሞ አያውቅም። ወረድኩና ሰይድን አስቆምኩ፤ እሱስ ንፋስ ነው ብዬ። ሰይድ ሆዬ ያገኘው ሰው ፊት ሁሉ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠው! ፍጠን ስለው፣ "አያ ይመር፣ አንተው አይደለህ በሠርጌ ያስተማርከን?" አለኝ።

በእግሬ ሮጥኩ። ጥርሴን አስነቅዬ አፌን በጥጥ ሞልቼ ስወጣ ሀጂ እንድሪስ ከፊቴ መጡ። "አሰላሙ አለይኩም ይመር!" አሉ። አፌ አልከፈት አለኝ። ጉንጬን ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ይኸው ሦስተኛ ቀኔ፤ ሱቄ ዝንብ እንኳ አይገባም። የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ከባጃጅ ተራ እስከ ሐኪም ቤት ሁለቱንም ሻምፒዮኖች በእግሬ ቀድሜያቸዋለሁ። ማዕረጉ አሁን የእኔ ነው። እንዳልናገር ግን የሚያነጋግረኝ ሰው የለም።