ላባው ያለበት ገጽ

ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። እኔም የለኝም። ግን ይህችን ስሙኝ፤ ለጊዜያችሁ የምትበቃ ወግ ናት። ብታጥር እንጂ አትረዝምም። ብትረዝምም ማስረዳት ስለምወድ ነውና ታገሡኝ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እዚህ አሰላ ውስጥ አንድ ጤነኛ ሰው በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ቢል «ምን ሆነሃል?» የማይባልበት ቦታ የት ነው? ቤተ ክርስቲያን እንዳትሉኝ፤ እዚያ ይቆማል። ጠጅ ቤትም እንዳትሉኝ፤ እዚያ በቀን የተቀመጠ ሰው ስሙ በማግሥቱ ገበያ ይወጣል። መልሱን እኔው ልንገራችሁ፦ ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠን ሰው ማንም ተነሣ አይለውም። እንዲያውም የተነሣው ነው የሚታማው።

ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም፤ ተቸግሬ ነው። ሥራዬ እህል መጋዘን ነው። ከሳጉሬና ከሲሬ በኩል በአህያ የሚመጣውን ገብስና ስንዴ እቀበላለሁ፤ እመዝናለሁ፤ ጆንያ እሰፋለሁ፤ ወደ ናዝሬት የሚወርደውን መኪና አስጭናለሁ። ጎህ ሲቀድ እጀምራለሁ፤ ለዓይን ሲይዝ አቆማለሁ። የማድረውም እዚያው ነው፤ ዘበኛም እኔው ነኝ ማለት ነው።

«ታዲያ ማታ አታነብም?» ትሉኝ ይሆናል። በምን ብርሃን? ጆንያ፣ ገለባና ኩራዝ አንድ ቤት አያድሩም። አሠሪዬ ጋሽ ሽፈራው ክብሪት ይዤ እንደሆነ ማታ ማታ ኪሴን ይዳብሱና፣ በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ይሄዳሉ። እሁድስ? እሁድ ከቅዳሴ መልስ መኪና ይጫናል፤ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ መውጣት አለበታ!

ጋሽ ሽፈራው ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ያዙልኝ። መቀመጥ ግን አይወዱም፤ ቁጭ ያለ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላቸዋል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት ሰው ሲሰማ ይስቃል። እሳቸው ግን እንደ ምክር ነው የሚሰሙት። አንድ ቀን ስኳር የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ሳነብ አገኙኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

በሩቅ አገር ስለተሠራ አንድ ትልቅ ድልድይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ማስረዳት ስለምወድ ርዝመቱንም ጨመርኩላቸው።

«ይኼ ድልድይ አሰላ ይመጣል?»

«አይመጣም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጆንያውን ስፋ።»

ሰፋሁ።

ለለቅሶ ግን እጃቸው ሰፊ ነው። «ጋሼ፣ ሰው ሞቷል» ካልኳቸው የማን ዘመድ፣ የየት አገር ሰው ብለው አይጠይቁም። «ሂድ። ነፍስ ይማር በልልኝ» ነው። እሳቸውም አንድ ቀን መሞታቸው አይቀርም፤ ያን ዕለት ቀባሪ እንዲበዛላቸው ይፈልጋሉ። ብድር በምድር ነው።

እንግዲህ ዘዴዬን ተረዱልኝ። ሰው ሲሞት ፈቃድ እቀበላለሁ። እቀብራለሁ፤ እሱ ግድ ነው። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ዳሱ ውስጥ ጥግ እይዝና መጽሐፌን እከፍታለሁ። ንፍሮ የሚያዞሩት ሴቶች እንኳ እንዳይረብሹኝ ቀስ ብለው አጠገቤ አኑረውልኝ ያልፋሉ። አንዳንድ ባልቴት ደግሞ «ዳዊት ሲደግም ነው» ብለው መጽሐፉን ሊሳለሙ ጎንበስ ይላሉ። እኔ ዳዊት ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም።

ሳጉሬ አንድ የፈረስ ነጋዴ ሞተው ሄጄ ነበር። በሕይወት አላውቃቸውም። የማነበው ታሪክ ውስጥ በረሃ ላይ በቅሎ የምትሞትበት ቦታ ደረስኩና ሳላስበው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንዴት ያለች በቅሎ መሰለቻችሁ! የሟቹ ሚስት አዩኝ። መጥተው አንገቴን አቅፈው «ልጄ፣ ወንድሞቹ እንኳ እንዳንተ አላለቀሱለትም» አሉኝ። በቅሎዋን ነው ልበል? አብሬያቸው አለቀስኩ። እንባ መቼም እንባ ነው፤ ለማን እንደ ወረደ አይጻፍበትም።

የመጋዘን ባልደረባዬ ሁሴን በሁለት ቋንቋ የሚያሾፍ ሰው ነው። ከለቅሶ በተመለስኩ ቁጥር በኦሮምኛ «ማል ጎታ?» ይለኛል፤ ምን እየሠራህ ነው ማለቱ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ ደግሞ በአማርኛ ይቀጥላል፦ «ከመልአከ ሞት ጋር ሽርክና ገባህ እንዴ? እሱ ይገድላል፣ አንተ ታነባለህ። ትርፉን እንዴት ነው የምትካፈሉት?»

ሳቅሁ ያን ጊዜ። አሁን ግን አልስቅም፤ ለምን እንደማልስቅ ነው የማወራችሁ።

መጽሐፉን ያዋሱኝ ባሻ ተክሌ ናቸው። ድሮ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ። አሁን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶታል። ቤታቸው ከመጋዘናችን ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ገለባችን ግቢያቸው ይገባል። አንድ ቀን ልጃቸው እትዬ አስካለ እጃቸውን ይዘው ሲያልፉ፣ እኔ የጆንያ ጽሑፍ ጮክ ብዬ ሳነብ ሰሙኝ። ባሻ ቆም ብለው «ማነው ይኼ ለጆንያ የሚያነብ?» አሉ። በዚያው ተዋወቅን።

መጽሐፉ ጓደኞቹ በረሃ ላይ ጥለውት ስለ ሄዱ አንድ ነጋዴ ነው። ሰውየው ተርቦ፣ ተጠምቶ፣ በቅሎው ሞታበት፣ ወደ እናቱ ቤት በእግሩ ይመለሳል። ከመጽሐፉ መጨረሻ ቀደም ብሎ አንድ የዶሮ ላባ ገብቶበታል። ላባው ያለበት ገጽ ላይ ሰውየው አገሩ ደርሷል፤ ግን ወንዙ ሞልቶበት ከቤቱ ማዶ ቆሟል።

«እዚህ ስደርስ ጣልያን መጣ» አሉኝ ባሻ። «ላባዬን አድርጌ መጽሐፉን እህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ከጦርነቱ ስመለስ ሥራ። ከሥራው ትዳር፣ ከትዳሩ ልጅ። ጸሐፊ ስትሆን የሰው ማመልከቻ ታነባለህ እንጂ የራስህን አታነብም። ጡረታ ስወጣ ጊዜው መጣ፤ ዓይኔ ሄደ።»

«እስከ ዛሬ የሚያነብልዎት ጠፋ?»

«አስካለ ፊደል አልቆጠረች። መሪጌታ ‹የዓለም ተረት አላነብም› አሉ። ወንዶቹ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሲመጡም ይቸኩላሉ።»

እኔ፣ ችኩሉ፣ «አሁኑኑ ላንብብልዎ» ብዬ ላባውን ልነቅል ስል እጄን ያዙኝ። ማየት የማይችል ሰው እጅ እንዴት እንደሚያገኝ እስካሁን ይገርመኛል።

«ከመጀመሪያው ጀምረህ ና» አሉኝ። «የሰውየውን ድካም ሳታውቅ ወንዙ ጋ ምን ትሠራለህ? ላባው ጋ ስትደርስ አብረን እንሻገራለን።»

እንግዲህ በሰው ሞት ያነበብኩት ያን መጽሐፍ ነው። የበቅሎዋን ሞት ሳጉሬ፣ ጥሙን አሰላ፣ ሽፍቶቹን ሲሬ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ላባው ጋ የደረስኩት አንዲት የጎረቤት አሮጊት ሞተው ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኒያ አሮጊት ባይሞቱ ኖሮ መቼም አልደርስም ነበር።

ከለቅሶው ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ባሻ ሮጥኩ።

«ደረስኩ፣ ባሻ!»

«ደረስክ?» ካልጋቸው ቀና አሉ። ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር። «ወንዙ ሞልቷል አይደል?»

«ሞልቷል።»

«ማዶ ጭስ ይታያል?»

«ይታያል። የእናቱ ቤት ጭስ ነው ይላል።»

«አዎን፣ ጭሱ» አሉ። ከዚያ የልጅ ሳቅ ሳቁ። «በል ዛሬ አናበላሸው። በጥድፊያ አይሆንም። ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቅ። አስካለ ጠላ ታዘጋጃለች፤ ፀሐይ ላይ እንወጣና እንዳያልቅብን ቀስ እያልን እናነበዋለን።»

እውነታቸውን ነው ብዬ አሰብኩ። ከላባው ወዲያ የቀረው ገጽ በእጅ ሲይዙት ወፈር ይላል። እንዲያ ያለ ወንዝ በአንድ ትንፋሽ አይሻገሩትም።

በማግሥቱ ጋሽ ሽፈራውን ግማሽ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም፣ ጋሼ። ለባሻ ተክሌ መጽሐፍ ላነብላቸው ነው። አሟቸዋልም።»

ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። «የታመመ ቆሎ እየቆረጠምክ በምሳ ሰዓት ይጠየቃል። ለመጽሐፍ ደግሞ ፈቃድ! ሰው ሲሞት ና።»

ምሳ ሰዓት ያሉት እንኳ ገብስ በገባበት በዚያ ሰሞን የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ ቆሏችንን የምንቆረጥመው ሚዛኑ ሥር ቆመን ነው።

ሁሴን መላ አመጣ። «አጎት የለህም? አጎትህን ግደለው» አለኝ። «ሳጉሬ ሞተ በል። ማን ሄዶ ያያል?» አጎት አለኝ። ግን በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው። ሁሴንም ያውቃል፤ የራሱን አጎት ግን አላዋሰኝም።

ስለዚህ መጠበቅ ነበረብኝ። አንድ ሰው ይሞታል፣ ፈቃድ አገኛለሁ፣ ከቀብር መልስ ባሻ ዘንድ እገባለሁ። ሂሳቡ ይኼ ነው። ግን አታምኑኝም፣ በዚያ ሰሞን አሰላ ሰው መሞት ተወ! ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ሽማግሌው ሁሉ ይስላል፤ ግን የሚሞት የለም። ጎህ ሲቀድ ከጆንያዎቹ መካከል ተጋድሜ የእድሩን ጡሩምባ አዳምጣለሁ። ሰው ለጤና ይጸልያል። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ምን እጠብቃለሁ? ማን እንዲሆንልኝ? አልመረጥኩም። መምረጥ ነበረብኝ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ተነፋ።

ጡሩምባ ነፊው በባሕር ዛፎቹ በኩል እየጮኸ አለፈ። ስሙን ሰማሁት። የተቆለፈ በር ውስጥ ሆኖ ስም መስማት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። እንዳልኳችሁ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህችን ግን አልችልባትም።

ጋሽ ሽፈራው በሩን ከፈቱ። ነጠላቸውን ለብሰዋል። «ሰማህ? ባሻ አረፉ» አሉኝ። «ሂድ። ሦስቱንም ቀን ሁን። ስለ ሥራው አታስብ።» በደግነት ነው ያሉት። ግማሽ ቀን ለምኜ የተከለከልኩት እኔ፣ ሳልጠይቅ ሦስት ቀን ተሰጠኝ።

ከቀብር መልስ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ይዣለሁ፤ ግን አልከፈትኩትም። ለማን ብዬ? እትዬ አስካለ መጡና ከፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው አብጧል።

«ሌሊቱን ሁሉ ‹ልጁ አልመጣም?› ሲል ነበር» አሉኝ። «እስቲ ያቺን የወንዟን አንብባት። እሱ ባይሰማም እኔ ልስማለት።»

ሁሴን ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ጋሽ ሽፈራውም አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብለው ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ላባውን አወጣሁ። ገጹን ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፦

«በማግሥቱም ውሃው ጎደለና ተሻግሮ ከእናቱ ቤት ገባ።»

ቀጥዬ ለማንበብ አፌን ከፈትኩ። ቀጥሎ የተጻፈው «ወጣቶች ሆይ!» ነው። ከዚያ ምክር ነው። ገጽ ገለጥኩ፤ ምክር። ሌላ ገለጥኩ፤ እሱም ምክር። ወላጅ አክብሩ ይላል፤ ጓደኛ ምረጡ ይላል፤ ጊዜያችሁን በከንቱ አታባክኑ ይላል። ያ ሁሉ ወፍራም ገጽ ምክር ነው። ወንዙ አንድ መስመር ነበር። የበቅሎዋ ሞት እንኳ ከሱ ይረዝማል።

«ይኸው ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ይኸው ነው።»

እትዬ አስካለ «ገባ አይደል?» አሉ። «ገባ ካለ ይበቃል።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ጋሽ ሽፈራው ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን ግማሽ ቀን ያልከኝ ለዚች ነው?»

«ለዚች ነው፣ ጋሼ።»

«አንዱን ጆንያ ሰፍተህ ሌላውን እስክታነሣ እኮ ሮጠህ ትመለስ ነበር። ምነው አጭር ናት ብትለኝ?»

«ሳላነባት በምን ልወቅ?»

ንፍሮ መጣ፤ ጋሽ ሽፈራው አልወሰዱም። እኔም አልወሰድኩም።

አሁንም እዚያው መጋዘን ነኝ። አሁንም በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ኪሴ ይዳበሳል። ላባው ግን ከኔ ጋር ነው፤ እትዬ አስካለ «ያዘው» ብለውኛል። ሌላ መጽሐፍ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እፈራለሁ።

የእናንተስ? መቼም ላባ ያስገባችሁበት ገጽ አታጡም። መጽሐፍ ባይሆን የጀመራችሁት ሥዕል ይሆናል፤ ክሩ የላላ ክራር ይሆናል። ግማሽ ቀን እየጠበቃችሁለት ነው አይደል? ጠላ እስኪጠመቅ፣ ፀሐይ እስክትወጣ? ተነሡና አሁኑኑ ክፈቱት። የቀረችው አንድ መስመር ብትሆንስ? የሚሰማችሁ ሰው ካለ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሂዱ፣ ሞክሩት። ፈቃድ ብትከለከሉም አትዘኑ፤ ሰው ሲሞት ፈቃድ አይጠፋም።