ከገና በኋላ መንኮራኩር አይዞርም

በቲሮል ተራሮች ስር ክፉ መንፈስ የሚፈራው ቄስም ፖሊስም አይደለም፤ አማት ነው። ቤቱ የጥንት የእንጨት ቤት ይሁን ትናንት የተመረቀ ቪላ፣ በረዶው መውረድ ሲጀምር አንዲት አማት መጥበሻዋን ይዛ ለጥበቃ ትሰማራለች። ከሁሉም ደግሞ እንደ ክብርት ወይዘሮ ኖትቡርጋ ያለ አልተፈጠረም።

ምራታቸው ሂልትሩድ ይህን በገዛ ቤቷ አየችው። ባሏ ኮርቢኒያን የአባቱን እርሻ ሸጦ ሸለቆው ውስጥ አዲስ ቤት ሲሠራ እናቱን ከነመጥበሻቸው አመጣቸው። ቤቱ አየር እንኳ በማሽን የሚገባበት ነው። አማት ሆዬ ኮርኒሱ ላይ ያሉትን፣ ጢስ ሲሸታቸው የሚጮኹ ጠቋሚዎች የገላ መታጠቢያ ቆብ አለበሷቸውና መጥበሻቸው ውስጥ ባለው ፍም ላይ የጥድ ሙጫና በነሐሴ በቤተ ክርስቲያን የተባረከ ደረቅ ቅጠል በትነው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አጠኑ። ድሮ ላሞቹንም ያጥኑ ነበር። አሁን ላም ሲያጡ ማቀዝቀዣውን ዞሩት።

"ወተቱ ያለው እዚህ አይደል እንዴ?" አሉ።

ጢሱስ ባልከፋ። ከገና እስከ ሰብአ ሰገል በዓል ባሉት አሥራ ሁለት ሌሊቶች የሙታን ፈረሰኞች በሰማይ ያልፋሉ፤ የሚዞር ነገር ካዩ ወርደው ሰው ይወስዳሉ ስለሚባል መንኮራኩር መዞር የለበትም። ይህ ሕግ ድሮ ለሱፍ መፍተያ የወጣ ነው፤ ክብርትነታቸው ግን ከዘመኑ ጋር አሻሻሉት።

"እማማ፣ ልብስ ማጠቢያው እኮ መንኮራኩር አይደለም።"

"ይዞራል አይዞርም?"

"ይዞራል፣ ግን..."

"በቃ! ግን ብሎ ነገር የለም።"

ወለል የምትጠርገውን ሮቦት በጀርባዋ ገልብጠው ጨርቅ ጣሉባት። የክሬም መምቻውን ወርሰው ትራሳቸው ስር አደረጉት። ሂልትሩድ ካልሲ በእጇ እያሸች፣ "ምነው ፈረሰኞቹ እሳቸውን ይዘውልኝ በሄዱ!" ትል ነበር በሆዷ።

የአሮጊቷ ጭንቀት ሁሉ ግን ለአንድ ሰው ነበር። ኮርቢኒያን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። ሌላው ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ እሱ ናዳ በሚወርድበት የተራራ መንገድ ላይ ነው።

"እኔ ካልጠረግሁ አምቡላንሱ በምን ይለፍ፣ እማዬ?"

"እሺ፣ ያንተ ይዙር። የቤቱ ሁሉ ግን ቁጭ ይበልልህ።"

ከዚያ መኪናውን ያጥኑለታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት ግን በቅጡ አይሰማም። እሱ እየሳለ፣ "እማዬ፣ ቋሊማ አደረግሽኝ እኮ!" ይላል።

አምና ሂልትሩድ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች። "ዘንድሮ ቤት ውስጥ አይጠንም" አለች፤ አመረረች። ወይዘሮ ኖትቡርጋ አልተከራከሩም። ካፖርታቸውን ደርበው በረዶው ውስጥ ቤቱን ከውጭ ዞሩት። ነፋሱ ጢሱን ከእጃቸው እየነጠቀ ይወስደዋል፤ እሳቸው ይዞራሉ። ሂልትሩድ በመስኮት አየቻቸው። ግቡ ማለት አማራት፤ መጋረጃው አሸነፋትና ከመስኮቱ ዞር አለች። በመስከረም አሮጊቷ አረፉ።

ዘንድሮ የሚከለክል የለም። መጋረጃው ንጹሕ ነው፣ ልብሱ ተከምሯል። በገና ማግስት ሂልትሩድ ማጠቢያውን ሞልታ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች፤ መጫን አቃታት። "ኧረ ምን ነካኝ!" ብላ በራሷ ተናደደች። ልብሱን መልሳ አወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ የተራራው መንገድ ተዘግቷል። ኮርቢኒያን ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። የሞተር ድምፅ ግን የለም። ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ የለም። ብትወጣ መሪውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

"ምነው? አልነሳ አለህ?"

"አልሞከርኩትም።" ፊቱን አዞረ። "የጢሱ ሽታ ከውስጡ ለቆ ወጥቷል፣ ሂልትሩድ።"

ያ ሁልጊዜ የሚያሾፍ ሰው ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እሷም ቆማ ማልቀስ ፈለገች፤ አላለቀሰችም። ምድር ቤት ወርዳ መጥበሻውን አመጣች፣ ፍም አደረገችበት፣ ሙጫ በተነችበት።

"እማማ ሲዞሩ ምን ነበር የሚሉት?"

"እኔ እንጃ። ጠይቄያት አላውቅም።" በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። "'ልጄን' ስትል ብቻ ነበር የሚሰማኝ።"

ሂልትሩድ መኪናውን መዞር ጀመረች። ጢሱ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ፀሎት ፈለገች፤ የሚመጣላት አጣች።

"ባሌን" አለች ጮክ ብላ፤ ደግማም፣ "ባሌን።"