አንቱ ለሚባሉ አራት ይጫን

መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ ለትሕትናው የማይስማማ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ጦርነቱ መጥቶ፣ መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ፣ ሰዉ ሁሉ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት በዚያ ክረምት ይህ መሥሪያ ቤት ብቻውን ቆሞ የስልክን ታሪክ ወደፊት አራምዷል። እኔ የዐቢይ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትንም በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

ነገሩን የጀመረው ብርሃኔ ነው። ብርሃኔ አስፋልቱ ዳር ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ሲሆን፣ ኮሚቴ ስላልነበረው ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሰ። ድሮ ለአንድ ካፌ ዋይፋይ ታከፋፍል የነበረች፣ ከሳሙና ማስቀመጫ የማትበልጥ አሮጌ ራውተር አነሣና የስልክ ማዞሪያ የሚያደርጋትን ፕሮግራም ጫነባት። ነዳጅ አጥታ ከቆመች ባጃጅ ባትሪ ፈትቶ አበራት። ከዘይት ቆርቆሮ ሁለት አንቴና ሠርቶ አንዱን ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን እኛ ጣሪያ ላይ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ በዋይፋዩ የገባ ማንኛውም ስማርት ስልክ፣ ኔትወርክ ሳይኖር፣ ካርድ ሳይሞላ፣ ሦስት ቁጥር ተጭኖ ከዚያ እዚህ ማውራት ቻለ።

ብርሃኔ ይህ የኢንተርኔት ስልክ እንደሚባል አስረዳን። ኢንተርኔቱ የት አለ ብንለው፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም አለን። እኔም "ኢንተርኔት የማያስፈልገው የኢንተርኔት ስልክ" ብዬ መዘገብኩ፤ የተቃወመ የለም።

እውነቱን ለመናገር የብርሃኔ ዓላማ ጠባብ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ መኪና በዚያ ወቅት አምቡላንስም ነው፤ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ወልድያ የምትወሰደው በሱ ነው። ጤና ጣቢያው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ፣ አዋላጇ ሲስተር ሶስና ሹፌሩን ፍቅሩን ለመጥራት ግማሽ ሰዓት በጭቃ መሮጥ ነበረባት። ብርሃኔ ያሰበው፣ እሷ ስልክ አንሥታ "ፍቅሩ፣ ድረስ" እንድትል፣ ፍቅሩም እንዲደርስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት እናቶች በዚሁ ተራ መንገድ በሰላም ተገላገሉ። አቅጣጫ ያስቀመጠ ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ክፍተት የተመለከቱት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሀይሉ ናቸው። አቶ ሀይሉ ሳይመረቅ የሚሠራ ነገር ያሳስባቸዋል። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ ስትሠራ የሰነበተችው ሳጥን እንድትጠፋ፣ በሪባን እንድትታሰርና እንደገና እንድትጀመር ተደረገ። በዕለቱ ከወልድያ አቅጣጫ ከባድ መሣሪያ ያጉተመትም ስለነበር ንግግራቸውን በየመሐሉ ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው፤ እኛ ደግሞ ባቆሙ ቁጥር እናጨበጭባለን።

"ይህች ሳጥን ትንሽ ትመስላለች" አሉ። "ነገር ግን ትንሽነቷ የታላቅነቷ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።"

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ ሲያሳምር ግን አሳመረ። ከዚያ ታሪካዊውን የመጀመሪያ ጥሪ ለማድረግ ስልካቸውን በድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ሦስት ቁጥር ተጫኑ። አንዱን ቁጥር ተሳስተዋል። ሳጥኗም ብርሃኔ በራሱ ድምፅ በቀዳላት መሠረት፣ እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "የደወልክለት ሰው አልተገኘም፤ ቆየት ብለህ ሞክር" አለቻቸው።

ሊያጨበጭብ የተነሣው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። መድፉም የሰማ ይመስል ዝም አለ።

"ማንን ነው አንተ ያለችው?" አሉ አቶ ሀይሉ።

ብርሃኔ ፈጠን ብሎ፣ ሳጥኗ ማን እንደሚደውል እንደማታውቅ አስረዳ።

"ሳታውቀኝ አንተ ካለችኝ፣ ብታውቀኝ ምን ልትለኝ ነው?"

ለዚህ ጥያቄ ብርሃኔም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሳይንስም፣ መልስ አላገኙለትም። በማግስቱ "የኢንተርኔት ስልክ ሙከራና የአክብሮት አጠራር ዐቢይ ኮሚቴ" ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሰባት ቀን ሰፊ ውይይት አደረገ። ሳጥኗ ሁሉን አንተ ካለች ታላላቆች ይዋረዳሉ። ሁሉን እርስዎ ካለች ተላላኪው ሁሉ ይንቀባረራል። ደግሞ የቢሮ ሰው እርስዎ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ከከተማው ውጭ ያለው የግራና ቀበሌ ገበሬ ግን እርስዎ ሲሉት የሚቀልዱበት ስለሚመስለው አንቱ ነው የሚፈልገው። አንድ የቀድሞ የአማርኛ መምህር የእርስዎና የአንቱ ግስ አንድ እንደሆነ ቢያስረዱ፣ ግሱ አንድ ቢሆንም ክብሩ አንድ አይደለም ተብለው ተገሠጹ። በመጨረሻ ደዋዩ ማን መባል እንደሚፈልግ ራሱ እንዲመርጥ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ሌላ ገደል ገጠመን። ሳጥኗ ደዋዩን "ምረጥ" ብላ ትጠይቀው ወይስ "ይምረጡ"? ገና ሳይመርጥ ምን ተብሎ ይጠየቃል? በዚህ ብቻ ሦስት ቀን ሄደ። ያዳነችን የአቶ ሀይሉ ጸሐፊ አሰለፈች ናት። ሻይ ልታቀርብ ገብታ ስታዳምጥ ቆየችና፣ "ይጫን ብትልስ?" አለች። ይጫን! አንተም አንቺም አንቱም የሌለበት፣ ማንንም የማይነካ፣ ከሰማይ የወረደ ቃል። ቆመን አጨበጨብንላት፤ ወዲያውም በራሷ ድምፅ ተቀዳ፤ "አንተ ለሚባል አንድ ይጫን። አንቺ ለምትባል ሁለት ይጫን። እርስዎ ለሚባሉ ሦስት ይጫን። አንቱ ለሚባሉ አራት ይጫን።"

ሙከራው ሲጀመር ግን ያላሰብነው ነገር መጣ። ጨዋ ሰው ራሱን አንቱ አይልም። ከግራና የመጡ አቶ ይታገሱ የሚባሉ አዛውንት ስለታመመች ልጃቸው ጤና ጣቢያውን ሊጠይቁ ስልክ ብንሰጣቸው፣ "ራሴን በራሴ አንቱ ልበል እንዴ? ነውር አይደለም?" ብለው አንድን ተጫኑ። ሳጥኗም "ትንሽ ጠብቅ" አለቻቸው። ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ጠረጴዛው ላይ ጣሉትና ጤና ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ካፌ በር ላይ የሚውሉት ጎረምሶች ግን ያለአንዳች ሐፍረት ሁሉም አራትን ይጫናሉ።

ኮሚቴው ይህንንም ፈታው። አራትን የሚጫን ዕድሜውን በቁጥር እንዲያስገባ ተደረገ። አንተና አንቺ የሚባሉ ከእርስዎና ከአንቱ ቀጥለው እንዲስተናገዱ ተወሰነ። መኪና የሚጠይቅ ሁሉ ጥያቄው በቀጥታ ለሹፌሩ ሳይሆን "ለሚመለከተው የበላይ ኃላፊ" እንዲቀርብ፣ ኃላፊው ስልኩን ካላነሡ እንዳልፈቀዱ እንዲቆጠር፣ ደዋዩ እስኪመለስለት ድረስም የአምባሰል ክራር እንዲሰማ ተባለ። አምባሰል የተመረጠው ረጅም ስለሆነ ነው።

ብርሃኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተቃወመ። "አቶ ሀይሉ፣ ምጥ እኮ አይጠብቅም" አላቸው።

"ምጥም ቢሆን በመዋቅር ነው የሚሄደው" አሉት።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ያንን እጄን እስካሁን ሳየው ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ። የሙከራው ሪፖርት በአርባ ሁለት ገጽ ተጠናቆ ነበር። የሪፖርቱ መደምደሚያ "ስልኩ መልእክትን በቅጽበት የሚያደርስ በመሆኑ የመኪና ምልልስን አስቀርቷል" ይላል። ይህንን መልእክት ወልድያ ላሉት የበላይ አካላት ለማድረስ አቶ ሀይሉ መኪና አስፈለጋቸው። ፍቅሩ ከመስኮታቸው ሥር፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን አንድ ኃላፊ ደረጃ ወርዶ ሹፌር አይለምንም፤ ደግሞም ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልካቸውን አነሡ። ራሳቸውን አንቱ ማለት እሳቸውም ስለሚከብዳቸው አሰለፈችን አስጫኗት።

በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ ወርቅነሽ የምትባል የገበሬ ሚስት ምጥ ይዟታል። ከሌሊት ጀምራ ነው። ሕፃኑ በእግሩ መጥቷል፤ ሲስተር ሶስናም ያለ ኦፕራሲዮን እንደማይሆን አውቃለች። ስልኳን አንሥታ እንደ ደንቡ ሁለትን ተጫነች። "ጥሪሽ ታላላቆች እንደተስተናገዱ ይስተናገዳል" ተባለች። ዘጋችና አራትን ተጫነች፤ ዕድሜዋን ሰማንያ ብላ አስገባች። ገና ሠላሳ አልሞላትም። ሳጥኗ "ታላቃችን፣ እንኳን ደህና መጡ" ብላ ተቀበለቻት፤ አምባሰሉን አሰማቻትና፣ "የሚመለከታቸው የበላይ ኃላፊ በሌላ ጥሪ ላይ ስለሆኑ ጥያቄዎን አልፈቀዱም" አለቻት። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ አልፈቀዱም። ከዚያ ስልኩን ወርውራ ሮጠች።

ግቢያችን ስትደርስ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ወደ መኪናው አለፈች።

"ፍቅሩ፣ ወርቅነሽ ልትሞትብኝ ነው" አለች። "ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ተነሥ።"

ፍቅሩ ዳሽ ቦርዱ ላይ ያስቀመጠውን ስልክ አየ። "ሲስተርዬ፣ ስልኩ እኮ አልጮኸም። ስልኩ ሳይጮህ የወጣ ሹፌር ይባረራል ተብሎ ተለጥፏል።"

"እኔ እየጮህኩ ነው" አለችው።

ፈራሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያ ክረምት መድፍ ሲያጓራ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም። ፍቅሩ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየኝ። የማየው መሬት መሬቱን ነው። ከዚያ ፍቅሩ ስልኩን አነሣና መስኮቱን ከፍቶ በእጄ አስያዘኝ። "ከጮኸ ሄዷል በልልኝ" አለና ሞተሩን አስነሣው።

እኔ ስልኩን እንደ ዕንቁላል ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። አቶ ሀይሉ ስድስተኛ ጥሪያቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው በላብ ረጥቧል፤ አምባሰሉ ይሰማል። ሥርዓትን ማክበር እንዲህ ነው እያሉ፣ እሳቸው እንኳ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ እንደሚጠብቁ ለአሰለፈች ያስረዷታል። በየሩብ ሰዓቱ "አልፈቀዱም" ይባላሉ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ያስጫኗታል። ለምሳ ወጡ፤ ከምሳ ተመልሰው ቀጠሉ። መኪናው ከመስኮታቸው ሥር እንደሌለ አላዩም፤ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነበር።

ፍቅሩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመለሰ። ሸሚዙ ላይ ደም አለ። ኬላ ላይ የመውጫ ወረቀት ሲጠይቁት ወርቅነሽ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ኬላውም ተከፈተ። ሲሪንቃን አልፈው ወልድያ እስኪደርሱ ሲስተር ሶስና እጇን ሳትለቃት ተንበርክካ ሄደች። ሐኪሞቹ ገና በር ላይ ሲያዩን ቢላ አነሡ አለ ፍቅሩ፤ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አሰለፈች እልል ልትል አፏን ከፍታ አቶ ሀይሉን አየችና በእጇ ሸፈነችው። እኔ ግን ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

አቶ ሀይሉ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቀስ ብለው ተነሡ።

"ማን ፈቅዶልህ ነው የወጣኸው?"

"ማንም" አለ ፍቅሩ።

"ማንም! እኔ ኃላፊው፣ እኔ ራሴ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሬ ፈቃድ እየጠበቅኩ፣ አንተ ሹፌሩ ዝም ብለህ ትወጣለህ?"

"ፈቃዱን ከማን ነው የሚጠብቁት?" አለ ፍቅሩ፤ እንዲያው ግራ ገብቶት እንጂ ለነገር አልነበረም።

አቶ ሀይሉ ያን ሁሉ ሰዓት ይህንን አልጠየቁም ነበር። ወደ አሰለፈች ዞሩ። "ለመሆኑ ይሄ የሚመለከተው የበላይ ኃላፊ የሚባለው ማነው? ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዶ የሰው ጥያቄ የሚከለክል፣ ምን ዓይነት ደንቆሮ ሰው ነው?"

አሰለፈች መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጣሪያውን። ሌላ መንገድ አልነበራትም።

"እርስዎ ነዎት" አለች።

አምባሰሉ አለቀ፤ ሳጥኗም በአሰለፈች ድምፅ፣ በትሕትና፣ አሁንም እንዳልፈቀዱ ነገረቻቸው። አቶ ሀይሉ ስልኩን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

"እንግዲያውስ" አሉ፣ "በቂ ምክንያት ቢኖራቸው ነው።"