ክሎሪን ማጫ አላመጣም

ጨው እንዴት እንደሚጋባ ባላውቅ ኖሮ ወጤን በሰላም እበላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዲየም ከዳር የተንጠለጠለች አንዲት ኤሌክትሮን አለችው። ክሎሪን ደግሞ አንዲት ጎድላዋለች። ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይወስዳል። የሰጠው ፖዘቲቭ አዮን፣ የወሰደው ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል። ተቃራኒ ናቸውና ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ። አዮናዊ ትስስር የሚባለው ይኸው ነው። ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ ሳስተምር በጋብቻ እያስመሰልኩ ነው የማስረዳው።

ማስመሰሌ ግን ጣጣ አመጣብኝ። የኛ አገር ሰው ልጁን ሲድር ማጫ ያመዛዝናል። የሴቷ ወገን በሬ እሰጣለሁ ካለ የወንዱም ወገን በሬ ይላል፤ ካልተካከለ ነገሩ አያልቅም። ታዲያ አንዲት ከቋሪት የመጣች ተማሪዬ ፈተና ላይ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? ክሎሪንም አንድ ኤሌክትሮን ያዋጣል፣ አለዚያ ቤተሰብ አይስማማም! ሁለቱም የሚያዋጡበት ትስስርማ አለ፣ ኮቫለንት ይባላል። የጨው ግን እንዲያ አይደለም። እጄ እምቢ እያለ ኤክስ አደረግሁባት።

ለምን እምቢ አለ? እኔም የተዳርኩት በሬ በበሬ ነዋ! ከሠርጉ በኋላ ባሌ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አለ። ተማር አልኩት። የራሴን ትምህርት ትቼ ደመወዜን ላክሁለት። ሶዲየም ሲሰጥ መጠኑ ያንሳል፣ ክሎሪን ሲወስድ ይገዝፋል፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ መጽሐፉ ላይ አለ። ባሌም ገዘፈ። ተመርቆ መጣና አንመጣጠንም ብሎኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ሽማግሌ ላከ፣ ያውም ቋሪት አባቴ ቤት። ተጠርቼ ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ቄሱ ቀድመው ተናገሩ። እንኳን ሰው እግርና እግርም ይጋጫል፣ ይቅር በይው አሉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ልላቸው ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። አባቴ እሺ በይ ካለኝ አለቀልኝ፤ በሽማግሌ ፊት የአባት ቃል ማን ያጥፋል?

አባቴ የዝንብ ጭራውን እያወዛወዘ ቄሱን ጠየቃቸው።

«እንደው አባ፣ አሁንስ ምን ይዞ ነው የሚመጣው?»

«ፀፀት ይዟል። አልቅሶ ነው የላከን።»

«ፀፀት አያርስም፣ አባ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሰው ሁሉ ጀግና አባት አለሽ ይለኛል። እውነት ነው፣ አለኝ። ግን ሰውየው ያን ፀፀቱን ሽማግሌ ሳያሸክም ራሱ ይዞት ቢመጣ ኖሮ፣ ያለ አንድ ጥጃ እቀበለው ነበር። ይህን ለአባቴ እንዳትነግሩብኝ።