ጎፈሬ በከረጢት

ጸጉር እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳለ ያማርሩታል፣ ሲሄድ ያለቅሱለታል። ያለው ሰው ማበጠሪያ ጠፋ፣ ሞቀኝ፣ በላኝ እያለ ሲነጫነጭ ይውላል። የሌለው ደግሞ የሰው ጸጉር ሲያይ ይውላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። በመተማ ቆላ ከእኔ የበለጠ የሰው ጸጉር አይቶ የተመኘ ካለ ይምጣና እንተያይ። ቆቡን አውልቆ ግን ይምጣ።

አበው «ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላሉ። በእኔ የደረሰው ግልባጩ ነው፤ ራሴ ሳይጠና ጉተናው ሄደ። ገና ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግንባሬ ድንበር መግፋት ጀመረ። ዛሬ አንድ ትልም፣ ነገ አንድ ትልም እያለ በሃያ አራቴ አናቴን አልፎ ወደ ማጅራቴ ወረደ። ዳር ዳሩን የቀረችው ጸጉር ትራክተር ዞሮ የማይደርስባት የማሳ ጥግ ሣር ነበር የምትመስለው። አባቴን ብጠይቃቸው የእሳቸውም አባት እንዲሁ እንደነበሩ ነገሩኝ። ሰው መሬት ያወርሳል፣ ከብት ያወርሳል፤ የእኛ ቤት የሚያወርሰው ይህንን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ኮኪት አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ጠጋኝ ነበርኩ። የዚያን አገር ፀሐይ የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ እዚያ ጸጉር ጌጥ አይደለም፣ ጣራ ነው። ስለዚህ አንዲት ካኪ ቆብ ነበረችኝ፤ ስሠራም፣ ስበላም፣ ስተኛም ከራሴ አትወርድም። ቤተ ክርስቲያን ቆብ ማውለቅ ስላለ መሳለሙንም ተውኩ። ሰዎች አብዮተኛ ሆኖ ነው አሉኝ። አላስተባበልኩም። ራሰ በራ ከመባል አብዮተኛ መባል ይሻላል።

ይህን ያህል ምን አስፈራህ ትሉኝ ይሆናል። ትርንጎ ነቻ።

ትርንጎ የመተማ ቀበሌ ሊቀ መንበር የአቶ መንገሻ ልጅ ናት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሳምንት ሁለት ቀን እርሻችን ድረስ እየመጣች ሠራተኛውን ፊደል ታስቆጥር ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ። እሷ በመጣች በሳምንቱ ግን ማንበብ ጠፋኝ። ከጎጃምና ከወሎ ሰሊጥ ለማረም ከመጡት የቀን ሠራተኞች መሐል ተቀምጬ ክረምቱን ሙሉ ፊደል ሳልለይ ከረምኩ። እነሱ ለአገራቸው ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምሩ እኔ ገና «ለ» ላይ ነበርኩ። ትርንጎ ትዕግሥቷ አያልቅም፤ እጄን ይዛ ታጽፈኛለች። እጁን የተያዘ ሰው ታዲያ ምን ቆርጦት ይማራል?

ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ አስማረ ነበር። ትራክተር ነጂ ነው፤ የምሩን ያልተማረ፣ ጸጉሩም የምሩን ጸጉር የሆነ። ያ ጎፈሬ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ይታያል፤ ትራክተሩ ይከተላል፤ አስማረ ራሱ መጨረሻ ላይ ነው። ወንዝ አብረን ስለምንታጠብ ከቆቤ ሥር ያለውን ምሥጢር ከእርሻው ሰው የሚያውቅልኝ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አስማረ ጋራዡ ድረስ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ሽማግሌ ልልክ ነው፣ ቄስ ሞላና የመተማው መጋዘን ዘበኛ አባ ደስታ እሺ ብለውኛል፣ ሦስተኛውን ግን ወባ ጣለብኝ፣ አንተ ግባልኝ አለኝ። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነኝ እኮ ብለው፣ «አንተ ቆብህን አውልቅና ጋቢ ደርብ፤ የቀረውን ራስህ ይጨርሰዋል» አለኝ። ለማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ጓደኛ ሲለምን ዝርዝር ማብዛት ነውር መሰለኝ።

በር ላይ ደርሰን ቄስ ሞላ «ቤቶች» ሲሉ ቀና ብዬ ባይ የአቶ መንገሻ ቤት ነው። እግሬ ከዳኝ። አባ ደስታ እርጅና መስሏቸው ክንዴን ደገፉኝ።

አቶ መንገሻ ሃምሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። አናቴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አባቴ እዚህ ይሁኑ፣ እዚህ ነፋስ አለ ብለው ከቄሱ በላይ አስቀመጡኝ። ትርንጎ ቀዝቃዛ ካርካዴ ይዛ ገባች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «ይጠጡ አባቴ» አለችኝ። ትወቀኝ አትወቀኝ አልገባኝም፤ ቀና ብዬም አላየኋት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? እኔም የራሴን እያሳረርኩ፣ ልጅዎን ለልጃችን እያልኩ የአስማረን አማሰልኩ። ወግ ነውና አቶ መንገሻ እሺም እምቢም አላሉም። ሰሊጡ ታጭዶ ይግባ፣ ያን ጊዜ ተመለሱ ብለው ቀጠሩን።

ከዚያ ቤት የወጣሁት ቆርጬ ነው። አጨዳው ሳያልቅ ጸጉር አበቅላለሁ፤ የራሴን ሽማግሌ እልካለሁ። እንዴት ነው የምታበቅለው? ወደ ፈንታሁን ሄድኩ።

ፈንታሁን መተማ ገበያ ዳር ያለ ጸጉር አስተካካይ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ገዳሪፍ ሠርቶ የተመለሰ ስለሆነ ሰውን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዞል» እያለ ነው የሚጠራው። እጁ የተመሰገነ ነበር፤ አቶ መንገሻ እንኳ በየቅዳሜው ቤታቸው አስጠርተው ጢማቸውን የሚያስላጩት እሱን ነው። ቆቤን አውልቄ አሳየሁት። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ያ ዞል፣ ካርቱም ውስጥ ውጭ አገር የተማረ ሐኪም አለ፣ ጸጉር እንደ በርበሬ ችግኝ ይተክላል አለኝ። ዘሩን ግን ታካሚው ነው ይዞ የሚሄደው፤ ዘሩም የወጣት፣ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት አለ። ይህንን አምኖበት ይንገረኝ፣ አውቆ ያሹፍብኝ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። እኔ የእርሻ ሰው ነኝ፤ ምርጥ ዘር ሲሉኝ ይገባኛል። የታጨደ አገዳ ተመልሶ እንደማይበቅል ግን በዚያ ቀን ትዝ አላለኝም። ፍቅር እንዲህ ያጃጅላል።

ምርጡ ዘር የት እንዳለማ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ የማወራውን ሳወራ አሁንም ያሳፍረኛል። አስማረ፣ አባትየው ስለ እኔ ምን አሉ እያለ ሲወተውተኝ፣ ለብቻዬ ሹክ ያሉኝ ነገር አለ አልኩት። ጎፈሬ አይወዱም፣ ጎፈሬ ያንጨባረረ ልጅ ቁም ነገር አያውቅም ብለዋል፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ተላጭቶ እንዲታይ ይፈልጋሉ አልኩት። ከቄሱ በላይ ተቀምጬ እንደነበር ስለሰማ አላመነታም። ጎፈሬውን በሁለት እጁ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ እሷን ካገኘሁ ጸጉር ምን ያደርግልኛል አለ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ፈንታሁን ራሱ ነው በምላጭ ጥርግ አድርጎ የላጨው። እኔ ከሥር አንሶላ አነጠፍኩ። የሰው ጸጉር መሬት ከወደቀ ክፉ ሰው ያገኘዋል፣ እኔ እቀብርልሃለሁ ብዬው አስማረ አመሰገነኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና አንዲት ዘለላ ሳላስቀር ለቅሜ በስኳር ከረጢት ሞላሁት። ፈንታሁን ምላጩን እየጠረገ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከረጢቱን ያያል።

ለሕክምና ብዬ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። የሕመሙ ዓይነት የሚለው ላይ «ራስ» ተብሎ ተጻፈልኝ፤ ውሸት አልነበረም። ሰኞ ጧት ድንበር ማዶ ወዳለችው ገላባት መውጫው ኬላ ላይ አንድ የነጋዴ መኪና ተሳፍሬ ከረጢቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ታዲያ ያን ሰሞን የብሔራዊ ውትድርናው ነገር ነበረ። ከማሠልጠኛ እየጠፉ ወደ ሱዳን የሚሻገሩ ምልምሎች ስለበዙ፣ ኬላው ላይ ራሱን የተላጨ ወጣት ሁሉ ይያዛል። ምልምል ሲገባ መጀመሪያ የሚደረግለት መላጨት ነውና። ይህንን የማያውቅ ሰው መተማ ውስጥ አልነበረም። እኔም አውቃለሁ። ግን ስለ ጸጉር የሚያስብ ሰው ስለ ሌላ ምን ያስባል?

ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኬላው ብመለከት አስማረ በሁለት ጠባቂዎች መሐል ቆሟል። ጓደኛዬ ራሱን አሞት ሊታከም ነው ብሎ፣ ለስንቅ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ሊሸኘኝ ከኮኪት ገስግሶ መምጣቱ ነው። መታወቂያውን ሰጥቷል። ፎቶው ላይ ያለው ግን ጎፈሬ ነው፤ ፊት ብትፈልጉ በመሐሉ ትንሽ አለ። የዚያን ቀን ተረኛው ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አቶ መንገሻ። መታወቂያውን አገላብጠው አዩና፣ የዚህን ባለቤት አውቀዋለሁ፣ ልጄን የጠየቀው ጎፈሬው ልጅ ነው፣ አንተ የእሱን መታወቂያ ከየት ሰረቅህ አሉት። ከኬላው ጀርባ ምልምል የሚጭን የጦር መኪና ቆሟል።

እውነቱን ልናገር፤ ተፈተንኩ። ጎፈሬው በከረጢት እጄ ላይ ነው። ባለ ጎፈሬው ደግሞ ሊጫንልኝ ነው። ማሳው ባዶውን ለእኔ ሊቀር ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ማን ያውቅብኛል? አስማረ ያን ጊዜ ዞር ሲል መኪናው ላይ አየኝ። ስሜን ይጠራል ስል አልጠራም። ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። በመታመሜ አዝኖልኝ እኮ ነው። እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼው አላውቅም። ዘልዬ ወረድኩ።

ኬላው ላይ ስደርስ ቆቤን አወለቅሁ። አቶ መንገሻ ብድግ አሉ። አባቴ እርስዎ ነዎት እንዴ፣ ልጁን ያውቁታል አሉኝ። አውቀዋለሁ፣ አስማረ እሱ ነው አልኩ። የሽማግሌ ቃል ይበቃል ሊሉ ነበር፤ አንደኛው ጠባቂ ግን ማስረጃ ካላየሁ አለ። ማስረጃውማ ታቅፌዋለሁ። ከረጢቱን ፈታሁና ጎፈሬውን በእፍኝ በእፍኝ እያወጣሁ አስማረ ራስ ላይ ቆለልኩት። ጠባቂው መታወቂያውን ከጉንጩ አጠገብ አስጠግቶ እያስተያየ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚያ ጋ ጨምር፣ ይለኛል። በመጨረሻ፣ እውነትም እሱ ነው አለና ለቀቀው። ያኔ ነፋስ መጣ። ጎፈሬው ተነስቶ ያለ ይለፍ ወረቀት ወደ ገላባት ተሻገረ።

አቶ መንገሻ ግን አልሳቁም። የሰው ጸጉር እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል አሉኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። የካርቱሙን ሐኪም፣ በስማቸው የዋሸሁትን፣ ልጃቸውን እንደምወድ፣ ፊደል እንደምለይ ጭምር ተናገርኩ። ዕድሜህ ስንት ነው አሉኝ። ልብ በሉ፤ «ዕድሜህ» ነው ያሉት። ሃያ አራት አልኩ። ቆቤን ከእጄ ወስደው አናቴ ላይ ደፉልኝ።

አስማረ አልተሳደበም፣ አልመታኝም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ለእኔ ያመጣውን ዳቦ ቆሎ ፈትቶ፣ ፊት ለፊቴ፣ እንካ ሳይለኝ ብቻውን በልቶ ጨረሰ። በእኛ አገር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ኋላ ጸጉሩ ሲያድግ ቂሙም ወጣለት፤ ወሩን ግን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

ሰሊጡ ገባ፣ ቀጠሮው ደረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያለ እኔ ሄዱ። አቶ መንገሻ፣ አንድ ሰው ሹክ ስላለው የተላጨ ልጅ ነገ ሌላው ሹክ ሲለው ሚስቱን ይፈታል ብለው መለሷቸው። ለእኔማ ማን ይጠይቅልኝ? ቢሆንም ተስፋ አይሞትምና ቄስ ሞላን ላስቸግር ሳስብ፣ በሳምንቱ ፈንታሁን ጋራዡ ድረስ መጣ። ያ ዞል፣ ሽማግሌ ጎደለኝ አለ።

በዚህ ጊዜስ ተምሬያለሁ፤ ለማን ልጅ ነው አልኩት። ቤቱን ታውቀዋለህ አለኝ።

ለካ በየቅዳሜው እዚያ ቤት የሚላጨው ጢም ብቻ አልነበረም። ትርንጎና እሱ ከተስማሙ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ እጄን አስይዤ «ለ» ስጽፍ፣ አስማረ ጎፈሬውን ሲያበጥር፣ ሰውየው ምላጩን ይዞ ይገባል ይወጣል። እኔን ለምን ትመርጣለህ ብዬ ስጠይቀው፣ አቶ መንገሻ ያን ራሰ በራ ይዘህ ካልመጣህ አልሰማህም፣ እሱ ከእንግዲህ አይዋሽም ብለዋል አለኝ። አመመኝ። እምቢ ብል ግን ትርንጎ አትመጣልኝ። ጋቢ ደርቤ ሄድኩ።

አሁንም ከቄሱ በላይ አስቀመጡኝ። ትርንጎ ካርካዴ ይዛ ገባችና እኔ ዘንድ ጎንበስ ስትል፣ «ጠጣ እንጂ፤ ያን ቀንም አውቄሃለሁ፤ ሀ ሁን መቼ ነው የምትጨርስልኝ?» አለችኝ። ለካ መጀመሪያውኑ አውቃኝ ኖሯል። አቶ መንገሻ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ወግ፣ በዚያው ቀን እሺ አሉ።

ሠርጉ ላይ ፈንታሁን ሰው መሐል አቅፎኝ፣ ውለታህን አልረሳም፣ ዕድሜ ልክህን ጸጉርህን በነፃ አስተካክልሃለሁ ብሎ በማርያም ማለ። ያን ካለ ስንት ዘመን አለፈ። ሰውየው ቃሉን አላጠፈም፤ ይኸው እስከ ዛሬ አምስት ሳንቲም ተቀብሎኝ አያውቅም።