ኮርማ የሚይዝ አንቴና

(አምቦ፣ በጌዶ መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ቤት። እሑድ ከሰዓት።)

ድንቅቱን አንድ ተራ ቀን ብዙ አያስወጣትም። ከቦኖ የሚመጣ ውሃ፣ ለሕፃኗ ጨርቅ ማጠቢያ የሳሙና ቁራጭ፣ ልጅ አዝሎ የሚውል ወገብ፤ በቃ። የሚያከስራት ጆሮዋ ነው። የባሏ የተሬፋ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኤጄታ አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም፤ ያወቁትንም ለራሳቸው ይዘው መቀመጥ አይሆንላቸውም። አዲስ አበባ አንድ ዘመዳቸው ሬዲዮ ከሚጠግንበት ቤት ክረምቱን አሳልፈው ከመጡ ወዲህ ደግሞ ብሶባቸዋል።

በዚያ እሑድ የጆሮዋ ወጪ ከመቼውም በላይ ሆነ። አባቷ ኦቦ ኢዶሳ ከሸነን መጥተዋል። ዳለቻ የሚባለው ኮርማቸው ለመንግሥት እርባታ ጣቢያ ተመርጦ ከሄደ ጀምሮ እህል አልወርድላቸው ብሏል። የጣቢያው ከብቶች ዛሬ በቴሌቪዥን በእርሻው ፕሮግራም እንደሚታዩ ሲሰሙ፣ ኪሳቸውን ዳለቻ የሚልሰውን ጨው ሞልተው መኪና ተሳፈሩ። ማወቅ የሚፈልጉት የኮርማው ሻኛ ቆሞ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ወድቆ ከሆነ ሄደው ገመዱን ፈትተው ያመጡታል፤ ከመንግሥት ጋር ቢጣሉም ይጣሉ። ድንቅቱ የምትፈራው ይህንኑ ነው።

ቴሌቪዥኑን እጃጂ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ተሬፋ ነበር ገዝቶ ያስቀመጠው። አሁን ግን መስታወቱ ላይ የሚታየው በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት ያለ ነገር ብቻ ነው።

ኤጄታ፦ (ከጣሪያ ላይ) ነግሬሽ ነበር። ይቺ አንቴና ብትይዝ ጥጃ ነው የምትይዘው። ኮርማ አይገባባትም።

ድንቅቱ፦ (በመስኮት አንገቷን አውጥታ) በመስከረሙ ሰልፍ ታንክ ገብቶባት የለም እንዴ?

ኤጄታ፦ ሙሉ ታንክ አይተሻል?

ድንቅቱ፦ መጀመሪያ ፊቱን አየሁ። ቆይቼ ደግሞ ኋላውን።

ኤጄታ፦ ተቆራርጦ ነዋ የገባው። ብረት ቢቆራረጥ ምንም አይሆንም። ኮርማ ግን ነፍስ ያለው ነገር ነው።

ድንቅቱ፦ (ጥቂት አስባ) አባዬ እኮ ሻኛውን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ኤጄታ፦ ሻኛ ለብቻው አይላክም፣ ድንቅቱ።

ኦቦ ኤጄታ በማዳበሪያ ከረጢት ያመጡትን ቆርቆሮው ላይ ዘረገፉት፤ ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ፣ አጭር ዘንግ፣ የጃንጥላ አጥንት፣ የብስክሌት ጎማ ራጂ። ረጅሙ ለከብትና ለኳስ ነው አሉ፤ አጭሩ ለዜና ይበቃል፣ ዜና የሚያነበው ሰው ከደረቱ በታች ስለማይታይ። የጃንጥላውን አጥንት ለምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ለክረምት ነው አሏት።

ኤጄታ፦ ዋናው ግን አቅጣጫው ነው። ዳለቻ የየት አገር ኮርማ ነው?

ድንቅቱ፦ የሸነን።

ኤጄታ፦ አንቴናውስ ወዴት ነው የዞረው?

ድንቅቱ፦ ወደ አዲስ አበባ።

ኤጄታ፦ ታዲያ በምን ዕዳው ነው በአዲስ አበባ ዞሮ የሚመጣው? ከሸነን ቀጥታ አይቀርበውም?

ድንቅቱ፦ ዛሬ ሸነን የለም እኮ፤ እርባታ ጣቢያ ነው።

ኤጄታ፦ ልቡስ?

ይህን ከቤት ውስጥ የሰሙት ኦቦ ኢዶሳ ዓይናቸው እንባ አቀረረና ወደ ሸነን ይዙር ብለው ፈረዱ። ዞረ። ዱቄቱም ጠፋና መስታወቱ ጠቆረ። ኦቦ ኤጄታ እየተነጫነጩ መልሰው ሊያዞሩት አንቴናውን ጨበጥ ሲያደርጉ፣ ሽንኩርት የታቀፈች ሴት መስታወቱ ላይ ቁልጭ ብላ መጣች።

ድንቅቱ፦ ኦቦ ኤጄታ፣ መጣ።

ኤጄታ፦ (ለቀው) የታል?

ድንቅቱ፦ ሄደ።

ኤጄታ፦ (ጨብጠው) አሁንስ?

ድንቅቱ፦ መጣ። እርስዎ ሲይዙት እኮ ነው።

ኤጄታ፦ እኔን ተዪኝና የጎደለውን እንፈልግ። ሰው መለዋወጫ ዕቃ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚላክ አንድ ዕቃ አለ፤ የጎደለን እሱ ነው።

ድንቅቱ፦ ምን ይመስላል?

ኤጄታ፦ ሁለት ክንድ አለው። ወዲህና ወዲያ ዘርግቶ ይቆማል፤ ውስጡ ግን ብዙ ነገር ነው።

ድንቅቱ፦ (አንጋጣ እያየቻቸው) ዝምም ይላል?

ዕቃው እስኪላክ ድረስ ለዛሬ ብቻ እንዲተኩት ለመነቻቸው። መተካት ሌላ፣ ዕቃ መሆን ሌላ መሆኑን ካስረዷት በኋላ እሺ አሉ። በአንድ እጃቸው አንቴናውን ይዘው ሌላውን ወደ ጉደር ዘረጉ። ሥዕሉ ጠራ። ችግሩ፣ ልክ በዚያው ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተበተነና መንገዱ በሰው ሞላ።

ድንቅቱ፦ ኦቦ ኤጄታ፣ ጠፋ።

ኤጄታ፦ (ጎንበስ ብለው እጃቸውን እያነሡ) ኦቦ አዱኛ ሰላም አሉኝ። እንደ ምሰሶ ዝም ልበላቸው?

ድንቅቱ፦ ለዛሬ ምሰሶ ይሁኑልኝ።

ኤጄታ፦ ምሰሶ የሰው ስም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

በኦቦ አዱኛ ሰላምታ ሽንኩርቷ ሄደች። በመምህር ደግፌ ሰላምታ የንብ ቀፎው ሄደ። በመጨረሻ፣ አሁን ወደ ከብቶቹ እናመራለን የሚል ድምፅ ተሰማ። ድንቅቱ በመስኮት ብታይ እማማ ወለተ ማርያም ከታች እየመጡ ነው። የሳቸው ሰላምታ ከቤተሰብ ይነሣና ጌዶ ያሉ ዘመዶችን አዳርሶ በፍየሎቹ በኩል ወደ አዝመራው ይገባል። ሕፃኗን እንዳዘለች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

(ከመንገድ፣ «አካም ኦልታን፣ ኦቦ ኤጄታ?» የሚል ድምፅ።)

ድንቅቱ፦ ደህና ውለዋል፣ እማማ። እጃቸው ሥራ ይዞ ነው፤ የሳቸውን ሰላምታ ለኔ ይስጡኝ።

ኤጄታ፦ (ሳይነቃነቁ፣ በጥርሳቸው መሐል) እግሯን እንዴት ሆነች?

ድንቅቱ፦ እግርዎን እንዴት ሆኑ ይላሉ።

ኤጄታ፦ ጊደሯስ?

ድንቅቱ፦ ጊደርዎስ ይላሉ።

ጊደሯ ወልዳለች። ድንቅቱ እንኳን ደስ ያለዎ ብላ ወደ አዝመራው ስትሻገር፣ ከቤት ውስጥ ሳቅ ሰማች። ዳለቻ ከሄደ ወዲህ የአባቷን ሳቅ ሰምታ አታውቅም። ሮጣ ገባች። መስታወቱ ላይ ስለ ድርቆሽ የሚያወራ ሰው ብቻ ቀርቷል። ኦቦ ኢዶሳ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ጨዋቸውን አፍስሰው ቆመዋል። ሻኛው ሸነን ከነበረበት ይልቅ ቆሟል፤ ደግሞም ዞር ብሎ አይቶኛል አሏት። ከዚያ የሚቀመስ ነገር እንዳለ ጠየቁ።

ኤጄታ፦ (እጃቸውን እንደዘረጉ) ያዘች?

ድንቅቱ፦ ያዘች። ሻኛው ቆሟል።

ኤጄታ፦ የትኛው ዘንግ ነው የሠራው? ረጅሙ ነው አይደል?

ድንቅቱ፦ ዘንጉ አይደለም። ያሉት ዕቃ እዚሁ አምቦ ተገኘ። ሁለት ክንድ አለው፤ ወዲህና ወዲያ ይዘረጋል።

ኤጄታ፦ (ደስ ብሏቸው) አላልኩሽም? ማን ሠራው?

ድንቅቱ፦ አማቴ ናቸው የወለዱት።

(ኦቦ ኤጄታ መጀመሪያ አንዱን ክንዳቸውን፣ ቀጥሎ ሌላውን ያያሉ።)

የቀሩት ከብቶች በሚመጣው እሑድ ይታያሉ ተብሏል። ኦቦ ኢዶሳ ዳለቻ ከኋላቸው ብቅ ሊል ይችላል ብለው እስከዚያ አምቦ ሊሰነብቱ ነው። ስለዚህ ድንቅቱ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። በጌዶ መንገድ ስታልፉ ቆርቆሮ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙ ትልቅ ሰው ብታዩ፣ እባካችሁ ሰላም አትበሏቸው። እሷ በሩ ላይ ትቆማለች፤ የሳቸውን ለሷ ስጧት።