ግድግዳዬ ላይ ያለው ማንጎ

ሥዕል አይቶ "ያምራል" ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው አሶሳ ውስጥ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የእኛ ሰው ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ድርሻ ነው።

በውሃ ቀለም የተሣለ፣ ባለ ፍሬም ሥዕል ገዝቼ ሳሎን ሰቀልኩ። ኮረብታ፣ ቀርከሃና አንድ ትልቅ ማንጎ አለበት። ጎረቤቴ ሼህ ኢድሪስ ገና ከመግባታቸው፣ "ይሄ ማንጎ የኔ ነው! ወላሂ፣ አባቴ ነው የተከለው" አሉ። አብረዋቸው የመጡት፣ ከወሎ በሰፈራ የገቡት አቶ ይመር፣ "ኧረ ወዲያ! ኮትኩቼ ያሳደግሁት እኔ አይደለሁ?" ብለው ተነሡ። ነገሩ ሲከር ሠዓሊውን አስጠራሁ።

"አባቶቼ፣ ከሐሳቤ ነው የሣልኩት። እንዲህ ያለ ማንጎ የትም የለም" አለ ኮራ ብሎ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ያኔ ተስማሙ፦ "ይሄ ልጅ ዋሽቷል!"

እዚያው ታርቀው ማንጎውን እኩል ተካፈሉት። ለእኔ የደረሰኝ ሚስማሩ ነው።